መርፌዋ ስንት ላይ ናት?

ዛሬ ስለ ሬድዮ ላወራችሁ ነው፡፡ "አሁን ደግሞ ስለ ኤፍኤም ጣቢያዎች ሊነዘንዘን ነው" ብላችሁ ፊታችሁን ለማዞር የተዘጋጃችሁ ካላችሁ… ቆይ፣ አንዴ ታገሱኝ፡፡ የማወራው ስለሚዘፍነው ሬድዮ አይደለም፡፡ አንዱ ተናግሮ ሌላው ስለሚመልስበት፣ መሐል ላይ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ስለማይገባበት ሬድዮ ነው፡፡ እግረ መንገዴንም ስለ አባቴ፣ ስለ ወንድሜና የሳሙና ሳጥን ስለምታክል አንዲት ዕቃ አወጋችኋለሁ፡፡

ነገሩ የሆነው መርሳ ነው፡፡ መርሳን የማታውቁ ካላችሁ (አትፍሩ፣ አልቆጣም) ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፋችሁ፣ ወልድያ ለመድረስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ የምታገኟት ከተማ ናት፡፡ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ፡፡ በአውቶቡስ ያለፈባት ሰው ማንጎና ፓፓያ በመስኮት ሲቀርብለት ያስታውሳታል፡፡ እኔ በአባቴ ነው የማስታውሳት፡፡

አባባ (እኛ ቤት "አባዬ" ማለት ቅብጠት ነው፤ አባት አንቱ ነው የሚባለው) ጡረተኛ የሬድዮ ኦፕሬተር ናቸው፡፡ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳሉ ወልድያ ላይ አንድ የዕርዳታ ድርጅት ቀጠራቸው፡፡ ሥራቸው ጠዋትና ማታ ሬድዮ ፊት ተቀምጦ ማውራት ነበር፡፡ ስንት ኩንታል ስንዴ ገባ፣ ስንት ኤንትሬ መንገድ ላይ ተበላሸ፣ የትኛው ጣቢያ ዘይት አለቀበት… ይኼንን ለደሴና ለአዲስ አበባ ይናገራሉ፡፡ ኤችኤፍ የሚባለው ሬድዮ ነው፡፡ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ሰማይ ላይ ነጥሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ የወሎ ተራራ አያቆመውም፡፡ ስልክ ለማግኘት ቀን ሙሉ ወረፋ በሚጠበቅበት ዘመን፣ አባባ ከአዲስ አበባ ጋር በደቂቃ ይገናኙ ነበር፡፡

ልማዱ ቤት ድረስ ተከትሏቸው መጣ፡፡ ማዕድ ላይ "ጨው አቀብሉኝ፤ ጨርሻለሁ" ይላሉ፡፡ እናቴ ደግሞ "ሰምቻለሁ፤ ጨው አልቋል፤ ጨርሻለሁ" ትላቸዋለች፡፡ እኛ እንስቃለን፡፡ ልጅ ሆኜ የሁሉም ሰው አባትና እናት እንዲህ የሚነጋገሩ ይመስለኝ ነበር፡፡

ሥራቸውን ሲለቁ ሬድዮው የድርጅቱ ስለነበር አስረከቡ፡፡ የቀረቻቸው አንዲት የገዛ ገንዘባቸው ዕቃ ናት፤ የኤስ ደብሊው አር ሜትር፡፡ ከፊቷ የመርፌ መቁጠሪያ፣ ከጎኗ አንዲት ማብሪያ፣ ከሥሯ አንዲት የምትዞር ቁልፍ ያላት ትንሽ ሳጥን፡፡ በጨርቅ ተጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ትቀመጣለች፡፡ እኛ ልጆች እንድንነካት አይፈቀድም፡፡ ታላቅ ወንድሜ አንድ ጊዜ ፈትቷት የቀመሰው ኩርኩም እስከዛሬ ይነገራል፡፡

አሁን ወደዚያው ወንድሜ ልውሰዳችሁ፡፡

ወንድሜ አሜሪካ ነው፡፡ አሜሪካ ከሄዱት ከብዙዎቹ ሐበሾች እንደ አንዱ የትልቅ መኪና ሾፌር ሆነ፡፡ ተሳቢ እየጎተተ ከቴክሳስ ወደ የትም ይሄዳል፡፡ የዚያ አገር ከባድ መኪና ሾፌሮች ደግሞ ሲቢ የሚባል ሬድዮ አላቸው፡፡ ፈቃድ አይጠየቅበትም (ፈቃዱ በ1983 እ.ኤ.አ. ቀርቷል)፤ 40 መስመሮች አሉት፤ ጉልበቱ 4 ዋት ብቻ ነው፡፡ ሾፌሮቹ 19ኛው መስመር ላይ ተገናኝተው "ፊት ለፊት ፖሊስ አለ"፣ "መንገዱ ተዘግቷል"፣ "ግራ ጎማህን እየው" ይባባላሉ፡፡

ይኼ ሬድዮ እንዴት እንደገነነ ታውቃላችሁ? በ1973 እ.ኤ.አ. የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሰማይ ከነካ በኋላ አሜሪካ ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል ላይ ገደበች፡፡ ሾፌሮቹም ፖሊስን ለመሸሽና ነዳጅ ያለበትን ለመጠቋቆም ሲቢን ሙጥኝ አሉ፡፡ የዚያው ነዳጅ ጦስ እኛም አገር ገባ፡፡ የካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፡፡ እነሱ ሬድዮ ገዙ፤ እኛ አብዮት አፈነዳን፡፡ (ልዩነታችን ይኼው ነው እንግዲህ!)

እኛ አገር ሲቢ ሥር አልሰደደም፡፡ ያለፈቃድ መናገሪያ ሬድዮ መያዝ ድሮም ያስጠይቅ ነበር፤ አሁንም ፈቃዱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እጅ ነው፡፡ አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ ግቢ ያለው የአማተር ሬድዮ ክበብ፣ ኢቲ3ኤኤ በሚባለው መጠሪያው በዓለም የሬድዮ ወዳጆች ዘንድ ይታወቃል፤ እሱም ቢሆን በፈቃድ ነው፡፡ የኛ ሾፌር ሲቢ የፊት መብራት ነው፡፡ ሁለቴ ብልጭ ካደረገላችሁ ትራፊክ ፖሊስ አለ ማለት ነው፡፡ አስፋልት ላይ ቅጠል ከተጎዘጎዘ ከኩርባው ጀርባ የተበላሸ መኪና አለ፡፡ ይኼም ይሠራል፡፡ ግን በመብራት "እናትህ እንዴት ናት?" አይባልም፡፡

ከቀልዱ ወጣ ልበልና የዋናውን ነገር ሥር ልንገራችሁ፡፡

ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ፣ ነሐሴ 2013፣ የወልድያና የመርሳ ስልክ ጠፋ፡፡ መብራቱም፣ ባንኩም፡፡ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፡፡ በየቀኑ ደወልኩ፡፡ "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" የምትለው ሴትዮ በእንቅልፌም ትመጣብኝ ነበር፡፡ ወንድሜም ከዚያ ማዶ ሆኖ ይደውላል፡፡ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር… መንገዱ የተከፈተው ታህሳስ 2014 ላይ ነው፡፡ የተገኘው መኪና ላይ ተሳፍሬ መርሳ ስደርስ አባባ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፡፡ ጥቁር ለብሰዋል፡፡

እናቴ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗት ነበር፡፡ ስኳር ነበረባት፤ መድኃኒት አለቀ፡፡

ለወንድሜ የነገርኩት እኔ ነኝ፡፡ ስልኩ እንደተመለሰ አባባንና እሱን አገናኘኋቸው፡፡ አለቀሱ፡፡ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ተበላሸ፡፡ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፤ የሚባባሉት ግን ይኼንን ብቻ ነው፦

"እንዴት ነዎት አባባ?"

"ሰላም ነኝ፣ ተመስገን፡፡ አንተስ?"

"ሰላም፡፡"

"በል እሺ፣ ጨርሻለሁ፡፡"

አንድ ደቂቃ አይሞላም፡፡ ይኼ አንድ ዓመት ቆየ፡፡ መሐላቸው ምን እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ተጣልተው እንኳ ቢሆን ባስታረቅኳቸው፡፡ የሚያስታርቁት ጠብ የለም፡፡

በጥር 2015 ለጥምቀት መርሳ ሄድኩ፡፡ አንድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከአባባ ጋር ቡና ጠጥተን ጨርሰን ሳለን ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ፡፡ እዚያ እኩለ ቀን ነው፡፡ ከከተማ ወጣ ያለ የመኪና ማረፊያ ቆሟል፡፡ የተለመደችው የአንድ ደቂቃ ሰላምታ አለቀች፡፡ አባባ "በል እሺ…" ሲሉ እሱ ለመዝጋት ሳይሆን፣ እንዲያው ለመበሳጨት ያህል፣ "ይኼ ሲቢ የሚሉት ነገር ሊያብደኝ ነው" አለ፡፡ "ሌላውን እሰማለሁ፣ እኔን ግን ከግማሽ ማይል ወዲያ የሚሰማኝ የለም፡፡"

አባባ ቀና አሉ፡፡ "አንቴናውን ለክተኸዋል?"

"በምን?"

"በኤስ ደብሊው አር ሜትር ነዋ!"

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

አባባ ወደ እኔ ዞሩ፡፡ "ያችን አውርዳት" አሉኝ፡፡ ጨርቁን ፈትተው ሳጥኗን ካሜራው ፊት ያዙለት፡፡ ወንድሜ አያትና "ውይ! የኩርኩሟ!" ብሎ ሳቀ፡፡ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው፡፡ እዚያው ማረፊያው ሱቅ ውስጥ እንደሷ ያለች ትሸጥ ነበርና ገብቶ ገዝቶ ተመለሰ፡፡ ከአጭር ገመድ ጋር፡፡

እኔ ስልክ ያዥ ሆኜ ቀረሁ፡፡

በመጀመሪያ ግን አባባ ሳያስረዱ አያሠሩም፡፡ "ስማኝ" አሉት፡፡ "ሬድዮው ምንጭ ነው፡፡ ገመዱ ቦይ ነው፡፡ አንቴናው ማሳው ነው፡፡ ሐብሩ ላይ መስኖ አይተህ የለም? የማሳው አፍ ከቦዩ ጋር ካልገጠመ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል፡፡ የሚመጣውና የሚመለሰው ውሃ ይገፋፋና ቦዩ ውስጥ ይቆማል፡፡ በመጨረሻ የሚናደው ቦዩ ነው፡፡ ሜትሯ የምትነግርህ ከላክኸው ውስጥ ምን ያህሉ እንደተመለሰብህ ነው፡፡"

ቁጥሩም ይኼውላችሁ፡፡ መርፌዋ 1 ላይ ከሆነች የተመለሰ የለም፡፡ 1.5 ከሆነች ከመቶ 4 ተመልሷል፤ ምንም አይደል፡፡ 2 ከሆነች ከመቶ 11፡፡ 3 ከደረሰች ከመቶ 25፣ ማለትም ካለህ 4 ዋት አንዱ ወደ ራስህ ዞሮ መጥቶ ሬድዮህን እየጠበሰ ነው፡፡

ከዚያ ሥራ ተጀመረ፡፡ ሜትሯ ከሬድዮውና ከአንቴናው ገመድ መሐል ትገባለች፤ አንዱ ጎኗ ለሬድዮ፣ አንዱ ለአንቴና፡፡ ማብሪያውን "ወደፊት" በሚለው ላይ ታደርጋለህ፤ የማይኩን ቁልፍ ሳትናገር ትጫናለህ፤ መርፌዋ ጫፍ ላይ ካለው ምልክት እስክትደርስ ቁልፏን ታዞራለህ፡፡ ወዲያው ማብሪያውን "ተመላሽ" ላይ ገልብጠህ ታነባለህ፤ ትለቃለህ፡፡ ይኼን 1ኛው መስመር ላይ፣ 19ኛው ላይ፣ 40ኛው ላይ ትደግማለህ፡፡ በየመስመሩ እንደገና እያስተካከልክ፡፡

"መርፌዋ ስንት ላይ ናት?" አሉት አባባ፡፡

"ቀዩ ውስጥ ገብታለች፡፡ ሦስቱም ላይ፡፡ ከ3 በላይ፡፡"

"ልቀቅ! ልቀቅ! አትናገርበት!" እጃቸው አየር ላይ ተወራጨ፡፡ ቴክሳስ ደርሰው ማይኩን ሊነጥቁት እኮ ነው የመሰለኝ፡፡ "የት ነው የቆምከው?"

"በሁለት ተሳቢ መሐል፡፡"

"አንተ ልጅ! በብረት ግድግዳ መሐል አንቴና ይለካል? ሜዳ ላይ አውጣው! በሩንም ዝጋ!"

ወንድሜ መኪናውን አንቀሳቅሶ ሜዳ ላይ አቆመ፡፡ አሁንም ከ3 በላይ፡፡ እዚህ ላይ እኔ ብሆን (እኔም መሐንዲስ ነኝ ባይ ነኝ) አንቴናውን መቁረጥ እጀምር ነበር፡፡ አባባ ግን "አንቴናውን እንዳትነካው" አሉ፡፡ "ሦስቱም ቦታ ላይ እኩል ከታመመ በሽታው ርዝመት አይደለም፡፡ መሬቱ ነው፡፡" መሬት ሲሉ የመኪናውን ብረት ማለታቸው ነው፡፡ አንቴና ብቻውን ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሹ የተተከለበት ብረት ነው፡፡ የወንድሜ አንቴና የተሰቀለው የመስታወቱ ማቀፊያ ላይ ሲሆን፣ ማቀፊያው በቀለም ተለብጦ ከሥሩ ዝጓል፡፡ በቢላ ፋቀ፣ ብረቱ እስኪያበራ፡፡ ቡሎኑን አጠበቀ፡፡ ደግሞ ለካ፡፡

1ኛው ላይ 1.7፡፡ 19ኛው ላይ 2.1፡፡ 40ኛው ላይ 2.6፡፡

አባባ ፈገግ አሉ፡፡ "አሁን ማውራት ጀመረች፡፡ ወደ 40 ስትሄድ ከፍ ካለች አንቴናው ረዝሟል፡፡ 1 ላይ ከፍ ብትል ኖሮ አጥሯል ማለት ነበር፡፡ አሳጥረው፤ ግን በጥቂቱ!" የሲቢ ሞገድ 11 ሜትር ያህል ስለሆነ ሩቡ 2 ሜትር ከ75 ነው፤ ያንን የሚያህል ዘንግ መኪና ላይ ስለማይመች ሽቦው አጠር ባለ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ይሠራል፡፡ የወንድሜው ጫፉ ላይ የምትጠበቅ ብሎን አለችው፡፡ ጥቂት ወደ ውስጥ አዞረ፣ ለካ፡፡ ጥቂት አዞረ፣ ለካ፡፡ እየወጣ፣ እየወረደ፡፡ በየመሐሉ አባባ "መርፌዋ ስንት ላይ ናት?"፤ እሱ "አንድ ነጥብ ስምንት"፤ "ቀጥል"፤ "አንድ ነጥብ አምስት"፤ "ቀጥል"… ክንዴ ደነዘዘ፣ ስልኩን ወደ ግራ እጄ ቀየርኩ፣ ማንም አላየኝም፡፡

በመጨረሻ 19ኛው ላይ 1.3፣ ዳርና ዳሩ ላይ 1.5 ሆነ፡፡ ወንድሜ "አንድ ላድርገው" አለ፡፡

"ተው፣ ይበቃል" አሉ አባባ፡፡ "ፍፁም አንድ የምታሳይ መርፌ አትመን፡፡ ገመዱ ጫፍ ላይ አንድ ሬዚስተር ብታስር መርፌዋ 1 ላይ ትተኛለች፤ የተመለሰ የለም፡፡ ግን ድምፅህ ከበር አይወጣም፡፡ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል፡፡ ምንም አልተመለሰም ማለት ተሰማ ማለት አይደለም፡፡ ይልቅ ጠይቅ!"

ወንድሜ 19ኛው መስመር ላይ ማይኩን ተጭኖ "ሬድዮ ቼክ" አለ፡፡ ሹሹሹ… ከዚያ የአንድ ሽማግሌ የሚመስል አሜሪካዊ ድምፅ፣ ከስንት ማይል እንደሆነ እንጃ፣ ጥርት ብሎ እንደሚሰማው መለሰለት፡፡ ከሲቢው ወደ ወንድሜ ስልክ፣ ከወንድሜ ስልክ ወደ መርሳ፡፡ አባባም ሰሙት፡፡ እንግሊዝኛውን አልተረጎምኩላቸውም፤ ይኼን ይኼን ከኔ በላይ ያውቁታል፡፡

ከዚያ ዝም ተባለ፡፡ ሥራው አልቋል፡፡ "በል እሺ፣ ጨርሻለሁ" የሚባልበት ሰዓት ነው፡፡ አባባ ግን አላሉም፡፡ ሳጥኗን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ፣ ፈቱት፣ ደግሞ ጠቀለሉ፡፡

"እናትህ" አሉ፣ ስልኩን ሳያዩ፡፡ "በመጨረሻው ሰሞን፣ ማታ ማታ፣ ‹አንተ ድሮ ከአዲስ አበባ ጋር ታወራ አልነበረም ወይ? እስቲ ልጆቼን ጥራልኝ› ትለኝ ነበር፡፡ ይችን ሳጥን ታሳየኛለች፡፡ መናገሪያ ትመስላታለች፡፡ እኔ… መለኪያ እንጂ መናገሪያ አልነበረኝም፡፡"

ወንድሜ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ፡፡ ቆይቶ ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር፡፡ ስልኩ ከመጥፋቱ ሦስት ቀን በፊት እማዬ ደውላለት እየነዳ ስለነበር "በኋላ እደውላለሁ" ብሏት ዘግቶ ነበር፡፡ ሳይደውል ሰነበተ፡፡ አራተኛው ቀን ላይ ሲደውል ያችው ሴትዮ፣ "ማግኘት አይችሉም"፡፡ ይኼን ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለኔም፡፡ አባባ የሚቀየሙት ይመስለው ነበር፡፡ አባባ ደግሞ እሱ "እናቴን ዝም ብለህ አየሃት" የሚላቸው ይመስላቸው ነበር፡፡ ሁለቱም ዓመት ሙሉ "ሰላም ነኝ" ሲባባሉ ከረሙ፡፡

"አብሽር ልጄ" አሉት፡፡ "እየነዳህ ስልክ ባለማንሳትህ ደስ ነው ያላት፡፡ ‹ልጄ ጥንቁቅ ነው› ስትል ነበር፡፡"

ይኼ እውነት ይሁን፣ አባባ ለማጽናናት ያሉት ይሁን፣ ጠይቄያቸው አላውቅም፡፡ ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፌ ወደ ውጭ ወጣሁ፡፡ ስመለስ አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር፤ አሁንም እያወሩ ነው፡፡

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፡፡ ቪዲዮው ቀረ፡፡ ተራው የስልክ መስመር በሚገኝበት ጊዜ ሁሉ ግን ይደዋወሉ ነበር፤ እሱም እየተቆራረጠ፡፡ የወንድሜም ሲቢ ዛሬ ይሠራል አይሠራ ግድ የሰጠው አይመስለኝም፡፡ አባባ ግን "እንዴት ነህ?" ማለት ትተዋል፡፡ ስልኩን እንዳነሱ፣

"መርፌዋ ስንት ላይ ናት?" ይሉታል፡፡

ደህና ቀን ከሆነ "አንድ ነጥብ ሦስት" ይላቸዋል፡፡ አንዳንዴ፣ ሲከፋው፣ "ዛሬ ሁለት ነጥብ አምስት ናት አባባ" ይላል፡፡ ያኔ አባባ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያስጠጋሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣

"እስቲ የት ነው የቆምከው?" ብለው ይጀምራሉ፡፡